ሦስቱ «ታል»ዎች፦ የኮሪያ ቋንቋ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

የክበቡ የዘንድሮ ሥራ በአብዛኛው ድምፅ ማውጣት ነበር። ሃንግል የሚባለው የኮሪያ ፊደል ራሱ ብዙ አያስቸግርም፤ 14ቱ መሠረታዊ ተነባቢዎችና 10ሩ አናባቢዎች በጥቂት ሳምንታት ይለያሉ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1446 በንጉሥ ሴጆንግ ዘመን ሲታወጅ የፊደሎቹ ቅርጽ አብሮ ተብራርቷል፦ የ«ን» ምልክት የምላስ ጫፍ ወደ ላይ ሲነሣ፣ የ«ም» ምልክት ደግሞ አፍን ያሳያል። ትንፋሽ ሲጨመር ጭረት ይጨመራል። ከተ ቸን፣ ከነ ኘን በጭረት ለሚያወጣ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም።

ጣጣው የመጣው ከደብተር ነው። አባላቱ ከእያንዳንዱ ቃል ሥር አነባበቡን በአማርኛ ይጽፉ ነበርና «ጨረቃ»፣ «ጭምብል» እና «ሴት ልጅ» የሚሉት ሦስት የኮሪያ ቃላት ሁሉም «ታል» ሆነው ተገኙ። ልዩነቱን ላሳይ ያለው ደግሞ ሦስተኛውን «ጣል» ብሎ ጻፈ፤ ይኸኛው የባሰ ስሕተት ነው።

«ጠ» ስንል ጉሮሮ ይዘጋል፣ የታመቀው አየር ይፈነዳል፣ አናባቢው እስኪመጣም የቅጽበት ጸጥታ አለ። በኮሪያኛው ጠንካራ ድምፅ፣ ማለትም «ሴት ልጅ» የሚለው ቃል በሚጀምርበት ዓይነት፣ ፍንዳታ የለም። ጉሮሮ ይወጠራል እንጂ ትንፋሽ አይወጣም፤ አናባቢውም ወዲያው ይከተላል። «ቀ»ን፣ «ጨ»ን እና «ጰ»ን በጠንካሮቹ ቦታ መተካትም ያው ጥፋት ነው።

መለያው አንድ ቁራጭ ሶፍት ነው። ከአፍ አራት ጣት ያህል ርቆ ይንጠለጠላል። «ጭምብል» ሲባል ሶፍቱ መብረር አለበት፤ «ጨረቃ» ሲባል ትንሽ ይወዛወዛል፤ «ሴት ልጅ» ሲባል ዝም ይላል። ፈተናው ግን አንድ ቀዳዳ አለው፦ «ጠ» ላይም ሶፍቱ እምብዛም ስለማይነቃነቅ «ጣል» ያለ ተማሪ ያለፈ ይመስላል። እሱን የሚይዘው ጆሮ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ሁለት ሁለት ሆነው፣ አንዱ ጀርባውን ሰጥቶ የትኛውን ቃል እንደሰማ ይናገራል። በዛሬው የሴኡል ወጣቶች አነጋገር የድምፅ ከፍታም ይረዳል፤ «ጨረቃ» ዝቅ ብሎ ይጀምራል፣ ሌሎቹ ሁለቱ ከፍ ብለው።

ወደ ጠንካራው ድምፅ የሚያደርሰን አቋራጭ የራሳችን ማጥበቅ ሆኖ ተገኘ። «ለካ እሱ ነው» ላልቶ፣ «ጨርቁን ለካ» ጠብቆ ይነበባል። የጠበቀውን «ካ» ምላሱን እንደያዙ ትንፋሹን ቆጥቦ መልቀቅ ነው፤ «ቅድም» ለማለት ኮሪያውያን የሚሉት «አካ» የሚወጣው እንደዚህ ነው። ከቃል መጀመሪያ ላይ ይከብዳል፤ አፉን ቀድሞ ዘግቶ መቆየት ያስፈልጋል።

አናባቢ ላይ ደግሞ ከብዙዎች የተሻልን ነን። ኮሪያኛ ለግዕዛችንና ለሳድሳችን የሚቀርቡ ድምፆች አሉት። «እናት» በላቲን ፊደል ሲነበብ «ኢዮሚዮኒ» ዓይነት ነገር ይወጣል፤ በእኛ «ኧመኒ» ተብሎ ቢጻፍ ለእውነቱ ይቀርባል፣ አፍ ትንሽ ይከፈት እንጂ። «ሴኡል» ብለን የለመድነውም «ሰ-ኡል» ነው። አንድ ጥንቃቄ፦ ሳድሳችን ብዙ ጊዜ ይዋጣል፣ የእነሱ ግን አይዋጥም። «ሀያ» ማለት የሆነው «ስሙል» ሁለት ሙሉ ምት አለው።

የቃል መጨረሻ ሌላ ጉዳይ ነው። በቀለም (በክፍለ ቃል) መጨረሻ የሚሰሙት 7 ተነባቢዎች ብቻ ናቸው፤ ፕ፣ ት እና ክ ሲሆኑ ደግሞ አይለቀቁም። ሩዝ ወይም ምግብ ለማለት «ፓፕ» ሲባል ከንፈር ገጥሞ ይቀራል፤ ብዙዎቻችን ከንፈራችንን ከፍተን ትርፍ ሳድስ እናስከትላለን። «ልብስ» በ«ስ» ተጽፎ «ኦት» ይባላል፤ አናባቢ ሲከተለው ግን የተደበቀው «ስ» ተመልሶ «ኦሺ» ይሆናል። ሁሉም የሚያውቀው «ካምሳሃምኒዳ» እንኳ ሲጻፍ «ሃፕ» ነው፤ «ፕ»ውን «ም» ያደረገው ተከትሎት የመጣው «ን» ነው። «ክፍል» ማለት የሆነውን «ፓንግ» «ግ»ን እያሰሙ የሚጨርሱትን «አንጎል» እያስባልን ከ«ጎ» በፊት እናስቆማቸዋለን።

ያልተነካው የ«ል» እና የ«ን» መገናኘት ነው፤ ለመጪው መስከረም ተይዟል። በመጀመሪያው ስብሰባ ደብተሮቹ ይታያሉ፤ ከሃንግሉ ሥር በአማርኛ የተጻፈ አነባበብ ያለበት ገጽ በሃንግል ብቻ ዳግም ይጻፋል።