የሥነ ጥበብ ሕንፃ ዘላቂነት ከሶላር ፓነል በፊት

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ኮሌጆች የሥነ ጥበብ ትምህርት ሕንፃ ሊያሠሩ ሲነሱ «ለአካባቢ ተስማሚ ይሁን» የሚለው ሐሳብ ብዙ ጊዜ ጣሪያ ላይ ወደሚደረደር ሶላር ፓነል ይጠባል። ፓነሉን አልቃወምም። ሥዕል፣ ሸክላ፣ ሙዚቃና ቴአትር በአንድ ላይ የሚሰጡበትን ሕንፃ ዕድሜ የሚወስኑት ግን አየሩ፣ ድምፁ፣ ብርሃኑና ፍሳሹ ናቸው። እነዚህ በመጀመሪያው ንድፍ ላይ መልስ ካላገኙ ሕንፃው በተመረቀ ማግስት ግድግዳ መብሳትና ማፍረስ ይጀመራል። ያኔ የሚባክነውን ሲሚንቶና ብረት የትኛውም ፓነል አይመልሰውም።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ አየሩ ነው፤ ጉዳዩ የተማሪዎች ሳንባ ነውና። የቀለም ማቅጠኛዎቹ፣ የተርፐንታይንና የቲነር፣ ትነት ከአየር ይከብዳል። ኮርኒስ ላይ የተገጠመ የአየር መሳቢያ ትነቱን ከጠረጴዛው አንስቶ በተማሪው አፍንጫ በኩል ነው የሚያሳልፈው። መሳቢያው ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ፣ ከተማሪው ፊት ለፊት ይሁን። ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር የመሳብ አቅሙ በግምት ወደ ሩብ ስለሚወርድ 30 ሳንቲ ሜትር ላይ የሚበቃው መሳቢያ 60 ላይ አይበቃም። ከምንጩ አጠገብ መሳብ ኃይልም ይቆጥባል፤ የክፍሉን አየር በሙሉ መለወጥ አያስፈልግምና። በሸክላ ክፍል ደግሞ አደገኛው ሲሊካ የተባለ ሳንባ የሚጎዳ ማዕድን ያለበት ደቃቅ አቧራ ነው። በደረቁ ሲጠረግ ተመልሶ አየር ላይ ስለሚንሳፈፍ ወለሉ በውሃ የሚታጠብ፣ ተዳፋትና መውረጃ ያለው መሆን አለበት። የማጠቢያው ውሃ በቀጥታ ወደ ፍሳሽ መስመር ከገባ ጭቃው ቱቦውን ይደፍናል። ከእያንዳንዱ ማጠቢያ ሥር በቀላሉ የሚከፈትና የሚጸዳ ደለል ማስቀሪያ ሳጥን ይቀመጥ።

የአየር ቱቦ የእሳት መንገድ እንደሚሆንም አይረሳ። እ.ኤ.አ. በ2014 በስኮትላንድ በግላስጎው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የተነሳው እሳት በአሮጌ የአየር ማስተላለፊያ ክፍተቶች ተስቦ ወደ ላይ ተዛምቶ ዝነኛውን ቤተ መጻሕፍት አወደመ። ቱቦ ወለልን ወይም እሳት የሚከለክል ግድግዳን ሰንጥቆ በሚያልፍበት ሁሉ በሙቀት ራሱን የሚዘጋ መክደኛ ይገጠም። በተልባ ዘይት የተነከረ ጨርቅ ማንም ሳይለኩሰው ሊነድ ስለሚችል ለእርሱም ክዳን ያለው የብረት ዕቃ ቦታ ይኑረው።

ብርሃንን በተመለከተ «መስታወቱ በበዛ ቁጥር ይሻላል» የሚለው አስተሳሰብ ያሳስታል። በጀርመን ዴሳው ከተማ እ.ኤ.አ. በ1926 የተመረቀው የባውሃውስ የሥነ ጥበብና የንድፍ ትምህርት ቤት ሕንፃ የወርክሾፕ ክንፍ በመስታወት ግድግዳ ተሸፍኖ ነበር፤ ውበቱ አያከራክርም፣ ነገር ግን በሙቀት ወራት ይግላል፣ በብርድ ወራት ይበርዳል። ለሥዕል ክፍል የሚሻለው ከፍ ያለ መስኮት ነው። ብርሃን ወደ ውስጥ የሚዘልቀው ከመስኮቱ አናት ቁመት 2 እጥፍ ተኩል ያህል ነው፤ አናቱ 3 ሜትር ከሆነ እስከ 7 ሜትር ተኩል ገደማ። የሰሜን ብርሃን የተረጋጋ ነው የሚባለው ከሐሩር ክልል በስተሰሜን ላሉ አገሮች ነው። በሐሩር ክልል ፀሐይ በዓመቱ ከፊል በሰሜን በኩል ስለምታልፍ የሰሜኑም መስኮት ጥላ ይፈልጋል።

የሙዚቃ መለማመጃ ክፍል ላይ ገንዘብ የሚባክነው በወፍራም ግድግዳና በተራ በር ነው። በበሩ ዙሪያ ያለው ክፍተት ስፋት ከግድግዳው 1 በመቶ ከሆነ፣ ግድግዳው 50 ዴሲቤል (የድምፅ መለኪያ) የሚከለክል ቢሆን እንኳ ጠቅላላ ውጤቱ ወደ 20 ይወርዳል። ስለዚህ በሩ ዙሪያውን ጎማ ይኑረው፣ ከሥሩም ይታሸግ፤ የሁለት ክፍሎች የኤሌክትሪክ ሶኬቶች ጀርባ ለጀርባ አይገጠሙ። ድምፅ በክፍሉ ውስጥ እያስተጋባ የሚቆይበት ጊዜ በሴባይን ቀመር ይሰላል፦ 0.161 በክፍሉ ይዘት ተባዝቶ ለድምፅ መጣጩ ስፋት ይካፈላል። 3 በ4 ሜትር ስፋትና 3 ሜትር ቁመት ያለው ክፍል ይዘቱ 36 ሜትር ኩብ ነው፤ ማስተጋባቱ 0.4 ሰከንድ እንዲሆን 14.5 ካሬ ሜትር ሙሉ በሙሉ የሚመጥ ገጽ ይጠይቃል። ከሚነካው ድምፅ 80 በመቶውን በሚመጥ ሰሌዳ ከሆነ 18 ካሬ ሜትር ገደማ መሆኑ ነው። የእንቁላል ካርቶን መለጠፍ ይህን አይተካም፤ ድምፅ ወደ ጎረቤት ክፍል እንዳያልፍም አያደርግም።

የሸክላ ምድጃ፣ የድንጋይ ቅርጽና የብረት ብየዳ ምድር ቤት ላይ ይሁኑ። ክብደታቸው ፎቅ ላይ ከወጣ ወለሉ ይወፍራል፣ ሲሚንቶው ይጨምራል፤ ሲሚንቶ ደግሞ ከዓለም የካርቦን ልቀት 8 በመቶ ያህሉን ይይዛል። ባለ 12 ኪሎ ዋት ምድጃ ለ10 ሰዓት ሲተኩስ እስከ 120 ኪሎ ዋት ሰዓት ሊወስድ ይችላል። ከዚህ ብዙው ጡቡንና መደርደሪያውን ለማሞቅ የሚውል ስለሆነ ግማሽ ባዶ ምድጃ መተኮስ ብክነት ነው። ሁለት ምድጃ፣ አንዱ ትልቅ አንዱ ትንሽ፣ ከአንድ ግዙፍ ይሻላል። የሶላር ፓነሉ መጠን መሰላት ያለበት ይህ ሁሉ ፍጆታ ከታወቀ በኋላ ነው።

ከሙዚቃ ክፍሎች በቀር በስቱዲዮዎች መካከል ያለው ግድግዳ ሸክም የማይይዝና ተነቃይ ይሁን፤ ትምህርቱ ከሕንፃው ፈጥኖ ይለወጣል።

በመጨረሻ ኮሌጆቹን የምጠይቀው፣ ከጊዜያዊ ርክክብ በፊት ሊደረጉ የሚገባቸው ሦስት ፍተሻዎች በውሉ ላይ እንዲጻፉ ነው። በየመሳቢያው አጠገብ ጭስ ለቆ ወዴት እንደሚሄድ ማየት፣ በመለማመጃ ክፍሎች መካከል ድምፅ መለካት፣ ምድጃዎቹን ሞልቶ አንድ ጊዜ መተኮስ። ተቋራጩ ገና ግቢው ውስጥ እያለ የተገኘ ጉድለት በእርሱ ወጪ ይስተካከላል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አርክቴክት