የአብርሆት በጀት በሕግ ይታሰር

ክቡር አዘጋጅ፣

ስለ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ሲወራ ሁሌም የሚነሳው ሕንፃው ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ከአሥር ዓመት በኋላ መጻሕፍት የሚገዛው በምን ገንዘብ እንደሆነ ነው። በ2014 ዓ.ም. ሲከፈት ሕዝቡ ከየቤቱ መጻሕፍት ለግሷል፤ ደግ አደረገ። ግን በልገሳ የሚመጣው ባለቤቱ አንብቦ የጨረሰው ነው። የሕክምና ተማሪ የሚፈልገውን አዲስ እትም ማን ይለግሳል?

የምኖረው ሎስ አንጀለስ ነው። እዚህ እ.ኤ.አ. በ2010 በጀት ሲጎድል ከተቆረጡት አንዱ የቤተ መጻሕፍት ነበር። እሑድ ተዘጋ፣ ቀጥሎ ሰኞ፤ ሠራተኛም ተቀነሰ። በማግስቱ ዓመት ነዋሪው ድምፅ ሰጥቶ የከተማዋን ቻርተር፣ ማለትም መተዳደሪያ ሕጓን፣ አሻሻለ። ለቤተ መጻሕፍት የሚመደበው ድርሻ ግብር ከሚከፈልበት ንብረት ግምት ከ0.0175 በመቶ ወደ 0.03 በመቶ ደረጃ በደረጃ እንዲያድግ ተወሰነ። አዲስ ግብር አልተጣለም። እርግጥ ብሩ በነፃ አልመጣም፤ ቀድሞ ከተማው ይሸፍናቸው የነበሩ ወጪዎችን ቤተ መጻሕፍቱ ራሱ እንዲችል ተደርጓል። አንዳንዶች ይህን ሲያዩ አጉረምርመው ነበር፤ እውነት አላቸው። ያም ሆኖ ሰኞ ተመልሶ ተከፈተ።

ሥራውን የሚቆጣጠረው ከንቲባው የሚሾማቸውና ምክር ቤቱ የሚያጸድቃቸው አምስት አባላት ያሉት ቦርድ ነው። ስብሰባው ለሕዝብ ክፍት ነው፤ ማንም ገብቶ መናገር ይችላል።

የአዲስ አበባ ምክር ቤትም ለአብርሆትና ለየክፍለ ከተማው ንባብ ቤቶች ቋሚ ድርሻ በአዋጅ ቢወስን፣ ሒሳቡንም በየዓመቱ ለነዋሪው ቢያሳውቅ እላለሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከሎስ አንጀለስ