«ተቃጠለ» የተባለውን አምፕ እናስነሳው፤ ለጋራ መጠገኛ ክፍል የድጋፍ ጥሪ

ለአዲስ አበባ ሙዚቀኞች፣ ለድምፅ ባለሙያዎች፣ በውጭ ላላችሁ ወገኖቻችን በሙሉ፦

ባለ ቲዩብ የጊታር አምፕ (እንደ አምፖል በሚግሉ የመስታወት ቲዩቦች የሚሠራ የድምፅ ማጉያ) የሚጠገንበት የጋራ ክፍል አዲስ አበባ ውስጥ ልንከፍት ተነስተናል። ክፍሉ ተገኝቷል። አንድ ወዳጃችን ከልምምድ ቤቱ ጎን ያለችውን ክፍል ያለ ኪራይ ሰጥቶናል። ሙያው ያላቸው ሰዎችም አሉን፤ በትርፍ ሰዓታቸው ሊሠሩ ቃል ገብተዋል። የጎደለን መሣሪያና መለዋወጫ ነው። እሱን ደግሞ ለብቻችን አንችለውም።

ገንዘቡን የሚያወጣ ሰው ምን ላይ እንደሚውል ማወቅ አለበት። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ።

«ተቃጠለ» ተብሎ የተቀመጠ ፌንደር፣ ማርሻል ወይም ቮክስ አምፕ የማያውቅ የከተማችን ጊታሪስት ያለ አይመስለኝም። አንዱ ልምምድ ቤት ጥግ ላይ የዕቃ ማስቀመጫ ሆኗል። ሌላው አልጋ ሥር ገብቷል። አንዳንዱ ስፒከሩ ተፈቶ ተሸጦ ባዶ ሳጥኑ ቀርቷል። ይሄ ያንገበግበኛል። ከፍተን ባየናቸው አምፖች ላይ ደጋግመን ያገኘነው ጠላት ሙቀት ነው። ሙቀቱ የጎዳው ደግሞ ብዙ ጊዜ ጣት የማታህል ሬዚስተር (የኤሌክትሪክ ፍሰት የሚገታ ዕቃ) ወይም አንድ የተሰነጠቀ ሶልደር (ዕቃውን ከቦርዱ ጋር የሚያያይዘው ብየዳ) ነው። ውዱ ዕቃ፣ ትራንስፎርመሩ፣ ደህና ሆኖ ተቀምጧል።

ቲዩብ ያለ ሙቀት አይሠራም። ውስጡ ያለው ክር በ6.3 ቮልት ይግላል፣ ካቶዱን ያሞቃል፣ ኤሌክትሮን የሚለቀቀው ከዚያ በኋላ ነው። ኢኤል34 የሚባለው አንድ ቲዩብ ለዚህ ማሞቂያ ብቻ 1.5 አምፒር ይወስዳል፤ ወደ 9.5 ዋት መሆኑ ነው። በዚያ ላይ ፕሌቱ (ኤሌክትሮኑን የሚቀበለው ብረት) እስከ 25 ዋት ሙቀት ይሸከማል። አራት ኢኤል34 የጫነ ባለ 100 ዋት ማርሻል፣ ጊታሩ ሳይነካ ዝም ብሎ በርቶ እንኳ፣ ከቲዩቦቹ ብቻ 100 ዋት ገደማ ሙቀት ሊያወጣ ይችላል። ቮክስ ኤሲ30 ደግሞ አራት ኢኤል84 ጠባብ ቦታ ላይ ደርድሮ፣ እያንዳንዱን ከ12 ዋት ወሰኑ አጠገብ ነው የሚያሠራው። አሠራሩ ነው። ችግር የሚመጣው ያ ሁሉ ሙቀት መውጫ ሲያጣ ነው።

እኛ ከተማ ላይ ሲሆን ይብሳል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ ነው ያለችው። አየሯ ከባሕር ዳርቻ አየር በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። የሳሳ አየር ደግሞ ሙቀት ይዞ የመሄድ አቅሙ ያንሳል። እኛ ስለሚበርደን አምፑም የሚበርደው ይመስለናል። ስለዚህ ግድግዳ እናስጠጋዋለን፣ ጀርባውን በመጋረጃ እንሸፍነዋለን፣ የላዩን ወንፊት የጃኬት መስቀያ እናደርገዋለን። መብራቱም አለ። ይሄዳል፣ ይመጣል፣ ሲመጣም አንዳንዴ ከፍ ብሎ ይመጣል። 220 መሆን የሚገባው 240 ሲሆን የ6.3ቱ ክር ወደ 6.9 ይጠጋል። ያን ጊዜ ቲዩቡም ሬዚስተሩም ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ካፓሲተርም አብረው ይግላሉ።

ምን እንደሚበላሽ በቅርብ ልንገራችሁ። ሁለት 6ኤል6 ቲዩብ ያለው ኮምቦ አምፕ (ስፒከሩ አብሮት ያለ) ይምጣ እንበል። ባለቤቱ «ሲነሳ ደህና ነው፤ ሃያ ደቂቃ ከሠራ በኋላ ይንጫጫል፣ ከዚያ ድምፁ ይጠፋል፣ በጥፊ ስለው ይመለሳል» ይላል። ይህን የሰማ ቴክኒሻን ቦርዱን ገልብጦ በአጉሊ መነፅር ማየት ይጀምራል። ነጩ ባለ 5 ዋት ሬዚስተር ቦርዱ ላይ ተለጥፎ ከተቀመጠ ሥሩ ቡኒ ሆኗል፤ ብሶበት ከሆነ ጠቁሯል። የሬዚስተሩን እግር የያዘው ሶልደር ዙሪያ ፀጉር የምታህል ቀለበት ትታያለች። ያቺ ናት ስንጥቋ። አምፑ በበራ ቁጥር ብረቱ ይለጠጣል፣ በጠፋ ቁጥር ይሰበሰባል፤ ሽቦ ደጋግሞ ሲታጠፍ እንደሚበጠሰው ሶልደሩም አንድ ቀን ይለቃል። የቲዩብ ሶኬቱ እግሮች በቀጥታ ቦርድ ላይ ከተበየዱ እዚያም ያው ነው። የማይታይ ከሆነ አምፑ በርቶ እያለ በደረቅ እንጨት ዘንግ ቀስ ብሎ መነካካት ነው፤ የለቀቀው ቦታ ሲነካ ይጮኻል።

ጥገናው ውድ አይደለም። አሮጌው ሶልደር ሙሉ በሙሉ ተመጥጦ ይወጣል፤ በላዩ ላይ አዲስ መጨመር ለጥቂት ወር ነው። ሬዚስተሩ በአዲስ ይተካል፣ ከቦርዱም አየር እንዲያገኝ ብድግ ተደርጎ ይበየዳል። ሥራው ግን ሙቀቱን የሚቆጣጠር ጥሩ ሶልደሪንግ አይረን ይፈልጋል። ሙቀቱን በማይቆጣጠር ርካሽ አይረን የተሠራ ቦርድ የመዳብ መስመሩ እየተላጠ ሲመጣ አይተናል። እንዲህ የሆነውን መመለስ ከመጀመሪያው ብልሽት ይከብዳል።

ካፓሲተር ሌላው ነው። ኤሌክትሮሊቲክ የሚባለው፣ ሲሊንደር የመሰለው፣ ውስጡ ፈሳሽ አለው፤ ሙቀት ያደርቀዋል። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ይቀንሳል ብለው ሙያተኞች ይገምታሉ። ስለዚህ ከቲዩቡ አጠገብ የተቀመጠው ቀድሞ ይሄዳል። ሲደርቅ አምፑ ያጉረመርማል። እኛ አገር 50 ኸርዝ ስለሆነ ይህ ጉርምርምታ 100 ኸርዝ ላይ ይሰማል። አናቱ ካበጠ ወይም ካለቀሰ መጠበቅ የለም። ስንቀይር ባለ 85 ዲግሪውን በባለ 105 ብንተካው እንመርጣለን፤ ልዩነቱ ትንሽ ገንዘብ ነው፣ ዕድሜው ግን ብዙ።

ሁሉም ጊታሪስት ሊያውቀው የሚገባ አንድ ምልክት አለ። የቲዩቡ ግራጫ ፕሌት መሃሉ ላይ ሲቀላ ካያችሁ፣ ዘፈኑ ያልቅ አትበሉ፤ ወዲያው አጥፉት። ክሩ ብርቱካናማ መሆኑ ጤና ነው፣ ፕሌቱ መቅላቱ ግን አደጋ ነው። ባያሱ (የቲዩቡን ፍሰት የሚገድበው ቮልት) ጠፍቷል፣ ወይም ከፊቱ ያለው ካፓሲተር ማገድ የሚገባውን ዲሲ እያሳለፈ ነው፣ ወይም አዲስ ቲዩብ ገብቶ ባያሱ አልተስተካከለም ማለት ነው። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ቲዩቡን፣ የስክሪን ሬዚስተሩን፣ አንዳንዴም የአውትፑት ትራንስፎርመሩን ይዞ ይሄዳል። ፊውዙ ሲቃጠል ደግሞ በሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት ጠቅልሎ መመለስ አለ። እባካችሁ፣ እባካችሁ ይሄ ይቅር። ያ ፊውዝ የተቃጠለው ትራንስፎርመሩን ለማዳን ነው።

ከአሜሪካ የመጣው አምፕ ለብቻው ሊወራለት ይገባል፤ ዲያስፖራ ወገኖቻችን የምትልኩልን እሱን ነውና። እዚያ 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ነው። እዚህ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ። ሰው ስቴፕ ዳውን (ቮልት የሚቀንስ ትራንስፎርመር) ይገዛና ወደ 110 አውርዶ ተገላገልኩ ይላል። ስቴፕ ዳውን ግን ኸርዙን አይነካውም። ለ60 ኸርዝ ብቻ ተለክቶ የተሠራ ትራንስፎርመር በ50 ሲሠራ ብረቱ ላይ ያለው የማግኔት ጫና ይጨምራል፤ በሙሉ 120 ቮልት 20 በመቶ፣ በ110 ቮልት 10 በመቶ ገደማ። ጫናው ወደ ሙቀት ይለወጣል። ጀርባው ላይ «50/60» የሚል ካለ አትጨነቁ። 60 ብቻ ከሆነ ሳትልኩት በፊት ጠይቁን። እዚህ ደርሶ ከሚቃጠል፣ እዚያው ሸጣችሁ ለ220 የተሠራውን ብትገዙ ይሻላል።

ይህ ከተማ የባንድ ከተማ ነው። በ1960ዎቹና 70ዎቹ የሆቴሉ መድረክ በባንድ የተሞላ ነበር። ዋልያስ ባንድ ሒልተን ይጫወት የነበረበትን ጊዜ ታላላቆቻችን እስካሁን ያነሱታል። በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊ ስለነበር ያመሸ ሰው እስኪነጋ አይወጣም፤ ባንዱም እስኪነጋ ይጫወታል፣ አምፑም እስኪነጋ ይግላል። ያንን ሁሉ ዕቃ ያኖሩት ሬዲዮ ጠጋኞች ነበሩ። የቲዩብ ሬዲዮ እየከፈቱ የተማሩ ጋሼዎች ዛሬ በዕድሜ ገፍተዋል። አንዳንዶቹ ለማስተማር ፈቃደኛ ናቸው። ከጎናቸው ቆሞ ለመማር የሚፈልግ ወጣትም ሞልቷል። የሚገናኙበት ጠረጴዛ ነው ያጣነው።

እና ምን እንገዛለን? ከሁሉ በፊት የደህንነት ዕቃ። የቲዩብ አምፕ ከመብራት ተነቅሎም ካፓሲተሩ ውስጥ 400 ቮልትና ከዚያ በላይ ይዞ ሊቆይ ይችላል። ይሄ ሰው ይገድላል። ስለዚህ ካፓሲተር ማውረጃ፣ ለከፍተኛ ቮልት የሚሆን አስተማማኝ መልቲሜትር፣ የጎማ ምንጣፍና ወለሉ ላይ በትክክል የተዘረጋ ግራውንድ ያለው መስመር ይቀድማል። ይህ ሳይሟላ ክፍሉን አንከፍትም። በዚህ ላይ አንደራደርም።

ከዚያ ቮልቴጁን ቀስ እያሉ ለመጨመር የሚያገለግል ቫሪያክ፣ ሙቀቱ የሚስተካከል የሶልደር ጣቢያ፣ ምልክቱን በስክሪን የሚያሳይ ያገለገለ ኦሲሎስኮፕ፣ የካፓሲተርን ጤና የሚለካ ኢኤስአር ሜትር፣ በስፒከር ፋንታ የሚታሰር ባለ 8 ኦም ትልቅ ሬዚስተር። አንድ ግድግዳ ላይ የሚሰካ የአየር ማስወጫ ፋን። የቀረው መለዋወጫ ነው፦ ባለ 5 ዋት ሬዚስተር በብዛት፣ 22 እና 47 ማይክሮፋራድ ባለ 500 ቮልት ካፓሲተር፣ የሸክላ ሶኬት፣ ፊውዝ፣ እና ቲዩብ። ዛሬ የጊታር ቲዩብ በብዛት የሚሠራው ስሎቫኪያ፣ ሩሲያና ቻይና ነው። ሱቅ ወጥቶ እንደ አምፖል የሚገዛ አይደለም። መግዛት የምንፈልገው ኢኤል34፣ 6ኤል6፣ ኢኤል84 እና 12ኤኤክስ7 ነው፤ የከተማችንን አምፖች አብዛኛውን ፍላጎት ይሸፍናሉ።

ብር የሌለው ሰውም የሚሰጠው አለ። የድሮው ባለ ክር አምፖል፣ 60 ወይም 100 ዋት፣ መሳቢያ ውስጥ ቀርቶባችሁ ከሆነ አትጣሉት። አምፑን ለመጀመሪያ ጊዜ ስናበራ ከአምፖሉ ጋር በተከታታይ አስረን ነው። ውስጡ ሾርት ካለ አምፖሉ ፏ ብሎ ይበራል፣ አምፑ ይተርፋል። ኤልኢዲ ለዚህ አይሆንም። የማይሠራ አምፕ ያላችሁም ስጡን፤ ተጠግኖ ጀማሪ ባንዶች በተራ ይለማመዱበታል። የማይጠገን ከሆነ ትራንስፎርመሩና ሶኬቱ ለሌላው ይሆናል።

አገልግሎቱ እንዲህ ነው። አምፕ ያመጣ ሙዚቀኛ የመለዋወጫውን ዋጋ ብቻ ይከፍላል፣ የጉልበት አይከፍልም። መክፈል ለማይችል ተማሪ ደግሞ ከተዋጣው እንሸፍናለን። የገባውና የወጣው ብር በየወሩ ክፍሉ በር ላይ ከነደረሰኙ ይለጠፋል። ሂሳቡ በሦስት ሰው ስም ነው፤ ሁለቱ ሳይፈርሙ ብር አይወጣም። መዋጮው ከ200 ብር ይጀምራል፣ ያላችሁም ጨምሩ። ባንዶች ከአንድ ምሽት ገቢያችሁ ትንሽ ብታነሱልን ትልቅ ነገር ነው። ሥራውን ጥር ከመግባቱ በፊት መጀመር እንፈልጋለን። ሠርጉ የሚበዛው፣ አምፖቹም የሚሠቃዩት ያኔ ነው።

በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በገልፍ ያላችሁ፣ ወደ አገር ቤት ስትመጡ ሁለትና ሦስት ቲዩብ ይዛችሁ ብትመጡ ከብሩ በላይ ይጠቅመናል። የትኛው እንደጎደለ አስቀድማችሁ አስተባባሪዎቹን ጠይቁ። ከነካርቶኑ በልብስ ጠቅልሉትና በእጅ ሻንጣ ያዙት፤ ወደ ጭነት ከገባ ውስጡ ያለው ክር ሊጎዳ ይችላል። የግዢ ደረሰኙን አትጣሉ። የምትገቡበትን ቀን ንገሩን፣ ቦሌ ድረስ መጥተን እንቀበላችኋለን።