ከካንሰር የተረፉ እናት አባቶቻችን መርሳት ሲጀምሩ ዝም አንበል፣ የወሎ ልጆች ድረሱልን

ሰላም ናችሁ የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች፣ እዚህ ያላችሁም ውጪ ያላችሁም። ሰሞኑን ምንሰበስበው ብር ለምን እንደሆነ ብዙ ሰው በውስጥ እየጠየቀኝ ስለሆነ እዚሁ በደንብ ላስረዳ፣ ትንሽ ይረዝማል ግን እስከመጨረሻው አንብቡልኝ።

የሰፈራችን ቅሬ (እድራችን) አዳራሹን በሳምንት ሁለት ቀን፣ ማክሰኞና ሀሙስ፣ በነፃ ሰጥቶናል፣ አላህ ይስጣቸው። እዛ ካንሰር ታክመው የዳኑ ወይ ገና ክትትል ላይ ያሉ አዛውንቶች መጥተው ግፊትና ስኳራቸው ሚለካበት፣ የማስታወስ ነገራቸው ሚታይበት፣ ቡና ጠጥተው ተጫውተው ሚሄዱበት ቦታ ልንከፍት ነው። ሁለት ነርሶችና አንድ ሀኪም፣ ሶስቱም የሰፈር ልጆች፣ በእረፍት ሰአታቸው ያለክፍያ እንሰራለን ብለዋል።

ለምን ካንሰርና መርሳት አንድ ላይ ትሉኝ ይሆናል። "ካንሰር የያዘው ሰው የመርሳት በሽታ አይነካውም" ሚል ወሬ እየዞረ ነው፣ ሰውም እሱን ይዞ እናቱ ስትረሳ እርጅና ነው ብሎ ቤት ያስቀምጣታል። ወሬው ከመሬት ተነስቶ የመጣ አደለም። አሜሪካ ፍራሚንግሃም ምትባል ከተማ ነዋሪውን በፈረንጆቹ ከ1948 ጀምሮ ሲከታተል የኖረ ጥናት አለ፣ በ2012 ከዛ የወጣው ውጤት 65 አመትና ከዛ በላይ የሆኑ 1278 ሰዎችን በአማካይ 10 አመት ተከታትሎ ካንሰር ይዟቸው የተረፉት በአልዛይመር (ዋናው የመርሳት በሽታ አይነት) የመያዝ እድላቸው በ33 ፐርሰንት ገደማ ዝቅ ብሎ ነው ያገኘው። ምክንያቱ ላይ እስካሁን ይከራከራሉ፣ ካንሰር ሴል አልሞት ብሎ ሲባዛ ነው አልዛይመር ደሞ የአንጎል ሴል ሲሞት ነው፣ ስለዚ ለአንዱ ሚያጋልጠው ነገር ከሌላው ሊጠብቅ ይችላል ሚሉ አሉ፣ ሌሎቹ ደሞ ካንሰር የያዘው ሰው መርሳት ሚመጣበት እድሜ ላይ ሳይደርስ ስለሚሞት ወይ የሁሉም ሀሳብ ካንሰሩ ላይ ስለሆነ መርሳቱን ማንም ስለማይመረምርለት ነው ቁጥሩ ያነሰው ይላሉ። ይሄ ሳይመረመር መቅረቱ እኛ ሰፈር በአይናችን ምናየው ነገር ነው።

እና ልብ በሉልኝ፣ እድሉ ቀነሰ ማለት አይዝም ማለት አደለም፣ የተባለውም ስለ አልዛይመር ነው። መርሳት ከስትሮክም (የአንጎል ደም ስር ሲዘጋ ወይ ሲፈነዳ ሚመጣው) ይመጣል፣ እዛው ጥናት ላይ ከሲጋራ ጋር ከሚያያዝ ካንሰር የተረፉት በስትሮክ የመያዝ እድላቸው ከእጥፍ በላይ ሆኖ ነው የተገኘው። የስትሮክ ትልቁ መንስኤ ደሞ ግፊት ነው፣ ግፊት እኮ በአንዲት መለኪያ በሁለት ደቂቃ ሚታወቅ ነገር ነው! ኬሞ (የካንሰር መድሀኒት) የወሰደ ሰውም ለጊዜው ሀሳቡ ይበታተንበታል ቃል ይጠፋበታል፣ ብዙዎቹ ላይ እየቆየ ይሻሻላል፣ ግን ይሄኛው የቱ እንደሆነ ካልታየ በምን ይታወቃል?

አንዲት የሰፈራችን እናት የጡት ካንሰር ታክመው ጨርሰው ከአዲስ አበባ ከተመለሱ በኋላ ቡና ያፈሉበትን ጀበና ከእሳት ሳያወርዱ ሌላ ቡና ጨምረውበት ይሄዳሉ፣ የሶላት ሰአት ደርሶ ሰግደው ሲያበቁ ሰገድኩ ወይ ብለው ይጠይቃሉ፣ ልጃቸው ካንሰሩ ጭንቅላታቸው ገባ ብላ ክብሪቱን ደብቃ ማልቀስ ብቻ ነበር ስራዋ። ሲመረመሩ የእንቅርት ሆርሞን ማነስ ሆኖ ተገኘ፣ ኪኒኑን ከጀመሩ ወዲህ ቡናውን ራሳቸው ያፈላሉ፣ እኛንም ይጠራሉ። ሁሉም እንደሳቸው ይድናል እያልኩ አደለም፣ የልጅ ልጃቸውን ስም ረስተው የልጅነት መንዙማቸውን አንድ ቃል ሳያጎድሉ ሚሉ አባትም አሉን፣ ለሳቸው መድሀኒቱ ባይገኝ እንኳን አብሯቸው ተቀምጦ ሚያጨበጭብ ሰው ያስፈልጋቸዋል፣ ቀኑን ሙሉ ሚጠብቃቸው ልጅም ግማሽ ቀን አረፍ ይላል።

ሚጎድለን ይሄ ነው። ሁለት የግፊት መለኪያ፣ የስኳር መለኪያና ስትሪፕ (ስትሪፑ ቶሎ ቶሎ ስለሚያልቅ ዋናው ወጪያችን እሱ ነው)፣ መደገፊያ ያላቸው ወንበሮች፣ ጤና መድን ለሌላቸው የላብራቶሪ ክፍያ፣ ከጢጣና ከሰኞ ገበያ በኩል ለሚመጡት የባጃጅ። ወጥተው ለሚጠፉት ደሞ የቤተሰብ ስልክ የተፃፈበት የእጅ አምባር ማሰራት እንፈልጋለን፣ በደሴ ብርድና ጭጋግ ማታ ላይ ሽማግሌ ፍለጋ ምን እንደሚመስል የደረሰበት ያውቀዋል። ያገለገለ ጋቢና ምንጣፍ ካላችሁም እንቀበላለን።

ብሩ ሚገባው በቅሬው ስም በተከፈተ አካውንት ነው፣ በሶስት ሰው ፊርማ ነው ሚወጣው፣ ደረሰኙ በየወሩ አዳራሹ በር ላይ ይለጠፋል ለውጪዎቹም ፎቶውን እንልካለን። ሀምሳ ብርም ትሁን አትናቋት፣ ሰደቃ ማውጣት የፈለገም በስለት የመጣም እኩል ነው ምንቀበለው። አካውንቱን በውስጥ ጠይቁኝ፣ እቃ ያላችሁ ደሞ ማክሰኞ ወይ ሀሙስ ከጠዋቱ ሶስት ሰአት ጀምሮ አዳራሹ ጋር ሰው አለ፣ ከቤታችሁ ሚረሳ ሰው ካለም የሀኪም ካርዱንና ሚወስደውን ኪኒን በሙሉ በፌስታል ይዛችሁ አብራችሁ ኑ።