የሸክላ ውሃ ማጣሪያን በተመለከተ

ለተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣

በቀጣዩ ስብሰባ የሸክላ ውሃ ማጣሪያ ሠርተን ስለመሸጥ እንድንወስን እጠይቃለሁ። አሠራሩ በ1981 እ.ኤ.አ. በጓቲማላ የተጀመረ ነው። የሸክላ አፈር ከተነፋ ሰጋቱራ ጋር ተቦክቶ ይተኮሳል፤ ሰጋቱራው ተቃጥሎ ሲያልቅ ለዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች ይቀራሉ። ውሃው በእነርሱ ሲንጠባጠብ አብዛኞቹ ባክቴሪያዎች እዚያው ይያዛሉ። በሰዓት ከ1 እስከ 3 ሊትር ያጣራል። ከዚህ ፈጥኖ የሚፈስሰው ስንጥቅ ሊኖረው ስለሚችል፣ ሳንለካ አንድም አንሽጥ!

ኬሚካል ግን አያስወግድም። ስለዚህ በኮምቦልቻ ከፋብሪካዎቹ በታች ከቦርከና ወንዝ ለሚቀዱ ወገኖቻችን መፍትሔ ነው ብለን ማቅረብ የለብንም። በዚህ ላይ አልደራደርም።

ሸክላ ሠሪ እናቶቻችንም በቀን ሠራተኛነት ሳይሆን በባለድርሻነት ይግቡ፤ ሙያው የእነርሱ ነው። ሸክላውን ለመተኮስ የሚያስፈልገውን የማገዶ ጉዳይ ያሰባችሁበት ሐሳባችሁን ይዛችሁ ኑ።