ስለ ረዳት ተዋንያንም ጻፉልን

ይድረስ ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል ባልደረቦች፣

የፊልም አምዳችሁ መሪ ተዋንያንን ሲያወድስ ከርሟል። እኛ ጅማ ውስጥ በአማተር ቲያትርና በአጫጭር ፊልም ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ደግሞ ስለ ጆን ካዛል ቢጻፍ ደስ ይለናል። ይህ አሜሪካዊ ረዳት ተዋናይ በ1978 እ.ኤ.አ. በ42 ዓመቱ ሲያርፍ የተወነባቸው ረጅም ፊልሞች አምስት ብቻ ነበሩ። አምስቱም ለምርጥ ፊልም ኦስካር ታጭተዋል፤ እሱ ግን አንድም ጊዜ አልታጨም።

በ1972ቱ «ዘ ጎድፋዘር» ካዛል የተጫወተው ፍሬዶ አባቱ ሲተኮስበት ሽጉጡን ያወጣል፤ እጁ ይርበተበትና ሽጉጡ መሬት ላይ ይወድቃል። ከዚያ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብሎ ያለቅሳል። የዚያን ልጅ ድክመት ለማስረዳት ሌላ ቃል አያሻም። በ1975ቱ «ዶግ ዴይ አፍተርኑን» ደግሞ ካዛል የተጫወተው ባንክ ዘራፊው ሳል ወደየትኛው አገር መሸሽ እንደሚፈልግ ሲጠየቅ፣ አሰብ አድርጎ «ዋዮሚንግ» ይላል። ዋዮሚንግ እዚያው አሜሪካ ውስጥ ያለች ግዛት ናት! ተመልካች ይስቃል፤ ካዛል ፊት ላይ ግን የቀልድ ምልክት የለም። ትንሽ ፈገግ ቢል ኖሮ ትዕይንቱ ያኔውኑ ይበላሽ ነበር።

እዚህ ከተማችን ካሜራ ይዘው ለተነሡ ወጣቶች ይህ ትልቅ ትምህርት ነው። ረዳት ተዋናዩ እጁ ሥራ ይፈልጋል። ቡና የሚቀዳ ከሆነ ጀበናውን በየትኛው ቃል ላይ እንደሚያነሣ በልምምድ ይወሰን። በሰፊው ቀረጻ ላይ ሲኒው ሞልቶ በቅርቡ ቀረጻ ባዶ ከሆነ ኤዲተሩ ሁለቱን ማገናኘት ያቅተዋል፤ ያን ጊዜ ተቆርጦ የሚጣለው የረዳቱ ክፍል ነው። የሚያዳምጥ ፊትም ለብቻው ይቀረጽ፤ ሲቀረጽ ባልደረባው ከካሜራው ጎን ቆሞ ንግግሩን በሙሉ ይበልለት። ዳይሬክተሩ «ከት» ከማለቱ በፊት አሥር ሰከንድ ያህል ቢታገሥ ጥሩ ነው፤ ምርጡ ነገር ብዙ ጊዜ የሚመጣው ንግግሩ ካለቀ በኋላ ነውና። በክረምት ቆርቆሮ ቤት ውስጥ የምትቀርጹ ደግሞ ዝናቡ ሳይጀምር ጨርሱ። ድምፅ በኋላ ስቱዲዮ ገብቶ ይደረባል፤ በቀረጻው ጊዜ የነበረው የተዋናዩ የተቆራረጠ ትንፋሽ ግን ተመልሶ አይገኝም።

ከእናንተ የምንጠይቀው ቀላል ነው፦ ስለ አንድ ፊልም ስትጽፉ የአንድ ረዳት ተዋናይ ስም፣ የሠራው ትዕይንትና እዚያ ላይ ያደረገው ነገር በአንድ አንቀጽ ይካተት።

ከአክብሮት ጋር፣
አማተር የቲያትርና የፊልም ሠሪዎች፣ ጅማ