ቀልብሽን የት ጥለሽው መጣሽ?

እማዬ፣ እንደምን ከረምሽ? የግፊት ክኒንሽን ሳታቋርጪ እየዋጥሽ ነው? ሦስት ጊዜ ደውዬልሽ ስለ ልጆቹ ብቻ አውርቼ ዘጋሁት፤ ስለዚህ ልጻፍልሽ።

ትንሿ የፊት ጥርሷ ወልቋል። ትልቋ 9 ዓመት ሞላት። የቤት ሥራዋን ጨርሳ ደብተሩን ጠረጴዛ ላይ ትታው ትሄዳለች። አስተማሪዋ «ጎበዝ ናት፣ ግን በመስኮት ስታይ ነው የምትውለው» አሉኝ። ይህን ስለ እኔም ሰምተሽዋል። ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት፤ እሷ የተጠየቀችው ሁሉ የእኔ ታሪክ ሆነብኝ። እኔም ተመረመርኩ። ሁለታችንም ኤዲኤችዲ አለብን።

ስንፍና አይደለም እማዬ፤ አንጎል ትኩረትን የሚመራበት መንገድ ከልጅነት ጀምሮ ሲለይ ነው። ወንዶቹ ብዙ ጊዜ ስለሚቅበጠበጡ ቶሎ ይታወቅባቸዋል። ሴት ልጅ ግን ዝም ብላ በሐሳብ ትነጉዳለች፤ ጉድለቷ እንዳይታይ ሌሊቱን ስትለፋ ታድራለች። ድሮ ምልክቱ ከ7 ዓመት በፊት ካልታየ አይቆጠርም ነበር፤ የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ወደ 12 ከፍ ያደረገው በ2013 እ.ኤ.አ. ነው። እኔ ያኔ ትምህርቴን ጨርሻለሁ።

አንድ ቀን ግን ከሆዴ አልወጣልኝም። ለእንግዶች ውኃ ላመጣ ሄጄ፣ ረስቼው ባዶ እጄን ተመለስኩ። «ይቺ ቀልብ አልፈጠረባትም፤ እህቷን ብታይ ምን አለበት!» አልሽ። እንግዶቹ ሳቁ። አንቺም ሳቅሽ። ዛሬም ስብሰባ ላይ ወሬዬ ሲጠፋብኝ ያ ሳቅ ይሰማኛል።

ቁልፉን በክር አንገቴ ላይ ያሰርሽልኝም አንቺ ነሽ። ማታ አጠገቤ ተቀምጠሽ ልብስ ስታጥፊ የቤት ሥራዬ ያልቅልኝ ነበር። ለልጄም የማደርግላት ይህንኑ ነው፤ ሐኪሟም ቀጥዪበት ብላኛለች። አመስግኜሽ አላውቅም።

አሁን የፈራሁትን ልናገር። ይህ ነገር በዘር ይወረሳል፤ በጣም። መሐረብሽ ትዝ ይለኛል፤ እንዳትረሺ ብለሽ ሦስት ቦታ ቋጥረሽው፣ ማታ አልጋ ላይ ሆነሽ ሦስተኛው ለምን እንደነበር ስታስቢ። አባዬ «ዛሬስ ምን ረሳሽ?» ሲልሽ ታቀረቅሪ ነበር። እኔን የተቆጣሽኝ እንዳንቺ አንገቷን እንዳትደፋ ብለሽ ይሆን? ሃምሳን አልፈሽ ሥራ የተውሽውም «ጭንቅላቴ እምቢ አለኝ» ብለሽ ነው። የወር አበባ ሲቋረጥ ብዙ ሴቶች ይብስብናል ይላሉ።

እህቴ ድስቱ ሁለቴ እንዳረረ ነግራኛለች። «ጃጅቻለሁ» ብለሽ አትቀመጪ። አብሮሽ የኖረ ዝንጉነትና አዲስ የመጣ መርሳት አንድ አይደሉም፤ የሚለየው ሐኪም ነው። ስመጣ አብሬሽ እገባለሁ። እስከዚያ ምድጃ ስትለኩሺ የስልክሽን ደወል ሙዪ። የእኔን መድኃኒት ደግሞ ልሞክረው እንዳትዪ፤ ግፊት ይጨምራል።

የመሐረቡን ነገር ለልጄ ነግሬያት «ሦስተኛው ለምን ነበር?» እያለች ትጠይቀኛለች። ካስታወስሽው ንገሪያት።

ልጅሽ